«ቲክ ኤንድ ፋስት» (thick and fast) የሚለውን የእንግሊዝኛ ፈሊጥ እንዴት በትክክል እንጠቀመው? ደረጃ በደረጃ

ሰላም ለሁላችሁም። ይሄን ጥያቄ እንግሊዝኛ ከሚማሩ ሰዎች በተደጋጋሚ ስለምጠየቅ አንዴ ሰፋ አርጌ ልጻፈውና ሌላ ጊዜ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ ይሄንኑ ልላክለት ብዬ ነው። ጥያቄው ሁሌም አንድ አይነት ነው፦ «ቲክ ኤንድ ፋስት ማለት በጣም ፈጣን ማለት አይደል እንዴ? ታዲያ አረፍተ ነገር ስሠራበት ለምንድነው ስህተት ነው የሚሉኝ?»

ፈጣን ማለት ብቻ አይደለም። ብዙ ነገር ባጭር ጊዜ ውስጥ፣ ፋታ ሳይሰጥ፣ በላይ በላዩ ሲመጣ ነው የሚባለው። በአማርኛ «ጥያቄው ተዥጎደጎደበት» ወይ «መልእክቱ ጎረፈ» ስንል የምናስበው ነገር ማለት ነው። ተዥጎደጎደ፣ ጎረፈ፣ ዘነበ የሚሉትን ግሶች ጭንቅላታችሁ ውስጥ ይዛችሁ ከቀጠላችሁ ከታች ያለው ሁሉ ይቀላችኋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ የሚፈታ ዲክሽነሪ። ካምብሪጅ፣ ኦክስፎርድ ለርነርስ ወይ ሎንግማን ይሆናል፣ ሦስቱም ኦንላይን በነጻ አሉ። ፈሊጡን የምታገኙት «ቲክ» የሚለው ቃል ስር ወረድ ብላችሁ የፈሊጦች ክፍል ላይ ነው። በእንግሊዝኛ አማርኛ ዲክሽነሪ ብቻ ከሄዳችሁ ቃል በቃል «ወፍራም እና ፈጣን» ላይ ትደርሱና እዛው ትቀራላችሁ።
- ድምፅ የሚቀዳ ስልክ።
- ዩግሊሽ የሚባለው ሳይት። ሐረጉን ስትጽፉለት ሰዎች ቪዲዮ ላይ ሲናገሩት ያሰማችኋል።
- ደብተር ወይ የስልካችሁ ኖት። አንድ ገጽ ይበቃል።

ደረጃ 1፦ ትርጉሙን ለሁለት ክፈሉት

«ቲክ» እዚህ ጋ ወፍራም ሳይሆን ጥቅጥቅ ያለ፣ የታጨቀ ማለት ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ እንደምንለው። ስለ ብዛቱና ስለ መጠጋጋቱ የሚናገረው እሱ ነው። «ፋስት» ደግሞ አንዱ ከመጣ በኋላ ሌላው እስኪመጣ ያለው ክፍተት አጭር መሆኑን ይናገራል። ሁለቱም ከሌሉ ፈሊጡ አይሠራም። ስለዚህ ከመጠቀማችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ የመጣው ነገር ብዙ ነው ወይ? በመሃል ያለው ክፍተትስ አጭር ነው ወይ? ሁለቱም ላይ አዎ ካላችሁ ቀጥሉ፣ አንዱ ላይ እንኳን አይ ካላችሁ ሌላ ቃል ፈልጉ።

በኳስ ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም ይሄን ፈሊጥ የእንግሊዝኛ ኮሜንታተሮች በጣም ይወዱታል። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ጀርመን ብራዚልን 7 ለ 1 ስታሸንፍ በ23ኛው፣ በ24ኛው፣ በ26ኛው እና በ29ኛው ደቂቃ ጎል ገባ። አራት ጎል በስድስት ደቂቃ! ብዛትም አለ፣ መጠጋጋትም አለ፣ ስለዚህ «ዘ ጎልስ ኬም ቲክ ኤንድ ፋስት» ቁጭ ይላል። እዛው ጨዋታ ላይ ከእረፍት በኋላ ጀርመን በ69ኛው እና በ79ኛው ደቂቃ ሁለት ጎል ጨምራለች፣ ለነዚህ ለሁለቱ ብቻ ግን ፈሊጡን ብትጠቀሙት ይከብዳል፣ ምክንያቱም ሁለት ብቻ ናቸው፣ በመሃላቸውም አስር ደቂቃ አለ።

«ስንት ሲሆን ነው ታዲያ ብዙ የሚባለው?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። የተቆረጠ ቁጥር የለውም። የሚወሰነው ከዛ ነገር በተለምዶ ስንት ይጠበቃል በሚለው ነው። ኳስ ላይ በስድስት ደቂቃ አራት ጎል መአት ነው፣ ብዙ ሰው ያለበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ግን በስድስት ደቂቃ አራት መልእክት ምንም ማለት አይደለም። እዛ ጋ ፈሊጡ የሚገባው አንዱን አንብባችሁ ሳትጨርሱ ሌላው ሲመጣ፣ ማለትም መከታተል ሲያቅታችሁ ነው። እኔ ራሴ የምጠቀምበት መለኪያ ይሄ ነው፦ ፋታ ነስቷል ወይ?

ደረጃ 2፦ ባለቤቱን በጥንቃቄ ምረጡ

አብዛኛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ጋ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። የአረፍተ ነገሩ ባለቤት መሆን ያለበት የሚመጣው ብዙ ነገር ነው እንጂ የሚያመጣው ሰው አይደለም።

እንደገና ኳስ። ሴፕቴምበር 22 ቀን 2015 (እ.ኤ.አ.) ሮበርት ሌዋንዶውስኪ ለባየርን ሙኒክ ከእረፍት መልስ ተቀይሮ ገብቶ ቮልፍስቡርግ ላይ በዘጠኝ ደቂቃ ውስጥ አምስት ጎል አግብቷል። ይሄን አይቶ «ሌዋንዶውስኪ ኬም ቲክ ኤንድ ፋስት» ማለት ያምራል፣ ግን ስህተት ነው፣ እሱ አንድ ሰው ነው፣ ብዙ ሆኖ አልመጣም። ትክክሉ «ሂስ ጎልስ ኬም ቲክ ኤንድ ፋስት» ነው። የመጡት ጎሎቹ ናቸዋ።

ከዚህ ፈሊጥ ጋር አዘውትረው የሚሄዱ ባለቤቶች እነዚህ ናቸው፣ እንዳሉ ገልብጧቸው፦

- ኩዌስቸንስ (ጥያቄዎች)
- ጎልስ (ጎሎች)
- ሜሴጅስ፣ ኢሜይልስ፣ ኮልስ (መልእክት፣ ኢሜይል፣ ስልክ)
- ኮምፕሌይንትስ (ቅሬታዎች)
- ኦፈርስ (የሥራ ወይ የግዢ ጥያቄዎች)
- ጆክስ (ቀልዶች)
- ሩመርስ (ወሬዎች)
- አኪውዜሽንስ (ክሶች፣ ውንጀላዎች)

መጨረሻቸው ላይ ያለውን «ስ» ልብ በሉልኝ። ብዙ ቁጥር መሆኑ ግዴታ የሆነው ትርጉሙ ራሱ ብዛትን ስለሚጠይቅ ነው። «ዘ ኩዌስቸን ኬም ቲክ ኤንድ ፋስት» ብትሉ አንዱ ጥያቄ እንዴት ብሎ ይዥጎደጎዳል? የማይቆጠሩ ስሞች ውስጥም የሚገቡ አሉ፣ ለምሳሌ ስኖው (በረዶ) እና ክሪቲሲዝም (ትችት)፣ ምክንያቱም ቃሉ ነጠላ ቢመስልም ነገሩ በብዛት እየደጋገመ የሚወርድ ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ ግን በብዙ ቁጥር ብቻ ቆዩ፣ አትሳሳቱም።

እዚሁ ደረጃ ላይ ትንሽ ሥራ አለ። ጉግል ላይ ሐረጉን በጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገብታችሁ ፈልጉት። ጥቅሱ የሚያስፈልገው ሦስቱ ቃላት በቅደም ተከተል ያሉበትን ብቻ እንዲያመጣ ነው፣ ያለ ጥቅስ ከፈለጋችሁ ስለ ወፍራም ነገር የሚያወራ ገጽ ሁሉ ይመጣባችኋል። ከዛ ከ«ካም» (come፣ መምጣት) ወይ ካለፈ ጊዜው ከ«ኬም» (came) በፊት ያለውን ስም እያያችሁ ጻፉ። አስር ያህል ከሰበሰባችሁ የትኛው ነገር እንደሚመጣ የትኛው እንደማይመጣ ሳትሸመድዱት ይገባችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሰውን በፍጹም በዚህ ፈሊጥ አትግለጹ። በተለይ በእንግሊዝ እንግሊዝኛ አንድን ሰው «ቲክ» ማለት ደደብ ማለት ነው፣ ስድብ ነው። አለቃችሁን ለማድነቅ ብላችሁ «ሂ ኢዝ ቲክ ኤንድ ፋስት» ብትሉ ሰውዬው የሚሰማው የመጀመሪያዋን ቃል ነው።

ደረጃ 3፦ ግሱን «ካም» አርጉት

ይሄ ፈሊጥ የሚኖረው «ካም» ከሚለው ግስ ጋር ነው። ሌሎችም አሉ፣ ግን በዚህ ጀምሩ። ጊዜው እንዲህ ይቀያየራል፦

- አሁን እየሆነ ላለ፦ ሜሴጅስ አር ካሚንግ ቲክ ኤንድ ፋስት
- ላለፈ፦ ዘ ኩዌስቸንስ ኬም ቲክ ኤንድ ፋስት
- ጀምሮ እስካሁን ለቀጠለ፦ ኦፈርስ ሃቭ ቢን ካሚንግ ቲክ ኤንድ ፋስት
- ሆኖ ላለቀና ውጤቱ ላለ፦ ኮምፕሌይንትስ ሃቭ ካም ቲክ ኤንድ ፋስት

የመጨረሻው ላይ «ሃቭ ኬም» የሚል ሰው ብዙ ነው፣ ሦስተኛው ቅርጽ ግን ተመልሶ «ካም» ነው የሚሆነው። ፈሊጡን በትክክል ተናግራችሁ ግሱ ላይ ብትሳሳቱ ሰሚው የሚይዘው ስህተቷን ነው።

ከ«ካም» ውጪ «ፎል» (ለበረዶ፣ ለቦምብ) እና «ፍላይ» (ለስድብና ለውንጀላ) ይሄዳሉ። «ራን»፣ «ዎርክ»፣ «ድራይቭ» የመሳሰሉት ግን አይሄዱም። «ሺ ዎርክስ ቲክ ኤንድ ፋስት» አይባልም፣ «ሺ ዎርክስ ፋስት» በቃ። ምክንያቱ ደረጃ 2 ላይ ያለው ነው፣ የሚሠራው ሰው አንድ ነው፣ እየተዥጎደጎደ የሚመጣ ነገርም የለም።

ደረጃ 4፦ ቦታውን አትንኩ

ሦስቱ ቃላት ተጣብቀው፣ በዚሁ ቅደም ተከተል፣ ከግሱ በኋላ ይቀመጣሉ። «ፋስት ኤንድ ቲክ» የለም። «ቲክሊ ኤንድ ፋስትሊ» የለም። ከስም በፊት አስገብቶ «ቲክ ኤንድ ፋስት ኩዌስቸንስ» ማለትም አይሆንም። ፈሊጥ እንዳለ የሚወሰድ ነገር ነው፣ ስትቆራርጡት ሰሚው ወደ ቃል በቃል ትርጉሙ ይመለስና ግራ ይገባዋል። ጊዜ ወይ ቦታ የሚገልጽ ቃል ካላችሁ ከሱ በኋላ አምጡት፦ «ዘ ጎልስ ኬም ቲክ ኤንድ ፋስት ኢን ዘ ሰከንድ ሃፍ»።

በግሱና በፈሊጡ መሃል መግባት የሚፈቀድላቸው «ኢን» እና «አት» ናቸው፣ ልዩነታቸው ደግሞ ለኛ በጣም ቀላል ነው። «ካም ኢን» ሲሆን ነገሩ ገባ፣ ደረሰ ማለት ነው፣ «ኦፈርስ ኬም ኢን ቲክ ኤንድ ፋስት» የሥራ ጥያቄ ጎረፈ። «ካም አት» ሲሆን ሰውየው ላይ ያነጣጠረ ነው፣ «ኩዌስቸንስ ኬም አት ሂም ቲክ ኤንድ ፋስት» ጥያቄ ጎረፈበት። የኛ «በት» ማለት ነው። ጫና ያለበት፣ ሰውየው የሚጨነቅበት ከሆነ «አት»፣ ዝም ብሎ የሚደርስ ነገር ከሆነ «ኢን»።

ደረጃ 5፦ አነጋገሩን አስተካክሉ

በግዕዝ ፊደል «ቲክ» ብዬ የምጽፈው ሌላ አማራጭ ስለሌለኝ ነው እንጂ ድምፁ «ት» አይደለም። የምላሳችሁን ጫፍ በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መሃል በትንሹ አውጡና አየር ብቻ ልቀቁ፣ ጉሮሯችሁ መንዘር የለበትም። ይሄ ለምን ይጠቅማል? በንጹህ «ት» ካላችሁት እንግሊዝኛ ውስጥ ሌላ ቃል ነው፣ የሰዓት ቲክ ቲክ የምንለው። በ«ስ» ካላችሁት ደግሞ «ሲክ» ይሆንና ታመመ ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር መሃል ያለው «ኤንድ» ነው። ማንም ሰው ሲያወራ ሙሉውን አይለውም፣ አናባቢው ይደክምና «ድ»ዋ ትጠፋለች፣ ከፊቱ ካለው «ክ» ጋር ይጣበቅና «ቲከን ፋስት» የሚመስል ይሆናል። ይሄን ካላወቃችሁ ሲነገር ብትሰሙት እንኳን አትለዩትም። «ፋስት» ደግሞ በእንግሊዞቹ «አ»ው ረዘም ይላል፣ በአሜሪካኖቹ ወደ «ኤ» ያዘነብላል፣ የፈለጋችሁትን ያዙ። ድምፁ ጠበቅ የሚለው «ፋስት» ላይ ነው።

ዩግሊሽ ላይ ገብታችሁ የተለያዩ ሰዎች ሲሉት ስሙ፣ ከዛ በስልካችሁ ቅዱና ጎን ለጎን አስተያዩት። የራስን ድምፅ መስማት ደስ አይልም ግን የምላስ ስህተት በሌላ መንገድ አይታወቅም።

ደረጃ 6፦ ከሚመስሉት ለዩት

በእንግሊዝኛ ስለ ፍጥነትና ስለ ግለት የሚያወሩ ፈሊጦች ብዙ ስለሆኑ አንዱን ባንዱ መተካት ይመጣል። ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው።

«ስፕሬድ ላይክ ዋይልድፋየር» የኛው «እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ» ነው። አቅጣጫውን እዩ፣ አንድ ወሬ ተነስቶ ወደ ብዙ ሰው ይሄዳል። ቲክ ኤንድ ፋስት ላይ ግን ብዙ ነገር ወደ አንድ ቦታ ይመጣል። አንድ ወሬ በየቦታው ከተዳረሰ ዋይልድፋየር፣ በርካታ የተለያዩ ወሬዎች ባንድ ቀን ጆሯችሁ ከደረሱ ቲክ ኤንድ ፋስት። ይሄን አንዴ ከያዛችሁ ሁለቱን በጭራሽ አትቀላቅሉም።

«ኢን ክዊክ ሰክሴሽን» ተከታትሎ ማለት ነው። ሁለት ወይ ሦስት ነገር ይበቃዋል፣ ብዛት አይጠይቅም። ደረጃ 1 ላይ ያለው የ«ቲክ» ጥያቄ (ብዙ ነው ወይ?) ላይ ስትወድቁ የምትሄዱበት ይሄ ነው። ጨዋ ስለሆነም መደበኛ ጽሑፍ ላይ ይገባል።

«ሴል ላይክ ሆት ኬክስ» ለሽያጭ ብቻ፣ ዕቃው ቶሎ ቶሎ ሲሸጥ።

«ጌት ኦን ላይክ ኤ ሃውስ ኦን ፋየር» ሁለት ሰዎች ገና ሲተዋወቁ ወዲያው ሲግባቡ። እሳት ስላለበት ተጣሉ ማለት የሚመስለው ሰው አለ፣ ተቃራኒው ነው።

«ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ» በጣም ቅርቡ ነው። ፍጥነት ላይ ግለትና ጉልበት ይጨምራል፣ ለጨዋታና ለክርክር ይሄዳል። ጥያቄዎች «ኬም ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ» ቢባልም ያስኬዳል። ልዩነቱ እሱ ነጠላ ነገርንም ይገልጻል፣ «ዘ ጌም ዋዝ ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ» ይባላል፣ ጨዋታውን «ቲክ ኤንድ ፋስት» ማለት ግን አይቻልም።

ማስጠንቀቂያ፦ «ትሩ ቲክ ኤንድ ቲን» የሚል ሌላ ፈሊጥ አለ፣ በመከራም በደስታም ማለት ነው፣ ስለ ታማኝነት ነው የሚወራበት። ሁለቱም ውስጥ «ቲክ ኤንድ» ስላለ ምላስ ላይ ይምታታሉ። «ማይ ፍሬንድ ስቱድ ባይ ሚ ትሩ ቲክ ኤንድ ፋስት» ካላችሁ የተቀላቀለ ነው።

ደረጃ 7፦ የት እንደምትሉት እወቁ

ወሬ ላይ፣ ለጓደኛ መልእክት ላይ፣ ዜና ላይ፣ ፕሬዘንቴሽን ላይ ያምራል። የሕግ ሰነድ፣ የምርምር ጽሑፍ እና ኦፊሻል ሪፖርት ላይ ተዉት፣ እዛ የሚፈለገው ትክክለኛ ቁጥርና ጊዜ ነው፣ ይሄ ፈሊጥ ደግሞ ሁለቱንም አይሰጥም።

አይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) የምትፈተኑ ሰዎች ይሄን ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ፦ ስፒኪንግ ላይ ተጠቀሙት። ከአራቱ የስፒኪንግ መመዘኛዎች አንዱ የቃላት ችሎታ ነው፣ ባንድ 7 መግለጫው ላይ ያልተለመዱ ቃላትንና ፈሊጦችን መጠቀም ተጠቅሷል። ግን ቦታው ላይ ካልገባ ይጎዳችኋል እንጂ አይጠቅማችሁም፣ ፈታኙ ተሸምድዶ የመጣ ፈሊጥ ወዲያው ያውቃል። ስለዚህ ንግግሩ ወደዛ ካልወሰዳችሁ አትጎትቱት። አካዳሚክ ራይቲንግ ታስክ 1 ላይ፣ ግራፍ የምትገልጹበት ማለት ነው፣ በፍጹም አትጻፉት።

ደረጃ 8፦ ከራሳችሁ ቀን አውጥታችሁ ሥሩበት

በዚህ ሳምንት ፋታ የነሳችሁን ነገር አስቡ። ስልክ ነበር? የቤት ሥራ ነበር? ደንበኛ ነበር? መጀመሪያ በአማርኛ «ተዥጎደጎደ» ወይ «ጎረፈ» ብላችሁ ጻፉት። አማርኛው ካልተዋጠላችሁ እንግሊዝኛውም አይሆንም፣ ይሄ ጥሩ ማጣሪያ ነው። ከተዋጠላችሁ ባለቤቱን ብዙ ቁጥር አርጉ፣ ካምን በትክክለኛው ጊዜ አስገቡ፣ ፈሊጡን መጨረሻ ላይ አስቀምጡ። አምስት አረፍተ ነገር ሥሩ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡና ቅዱት። በማግስቱ ሳታዩ ደግማችሁ ሞክሩ፣ ምክንያቱም እያያችሁ የምታነቡት ነገር የምታውቁት ይመስላል፣ የምታውቁት ግን ከጭንቅላታችሁ ማውጣት የምትችሉትን ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳታቸው

- «ዘ ካር ኢዝ ቲክ ኤንድ ፋስት»፦ መኪናው አንድ ነው፣ የሚዥጎደጎድ ነገር የለም። «ቬሪ ፋስት» በሉ።
- «ፕሊዝ አንሰር ሚ ቲክ ኤንድ ፋስት»፦ ቶሎ መልሱልኝ ለማለት ነው፣ ግን አይሆንም። «አዝ ሱን አዝ ፖሲብል» በሉ።
- «ቬሪ ቲክ ኤንድ ፋስት»፦ ፈሊጡ ራሱ ጠንካራ ስለሆነ «ቬሪ» አይቀበልም። ማጠንከር ከፈለጋችሁ «ሶ ቲክ ኤንድ ፋስት ዛት» ብላችሁ ውጤቱን አስከትሉ፣ ለምሳሌ ጥያቄው ከመብዛቱ የተነሳ መመለስ አልቻለችም ለማለት።
- በአንድ ንግግር ሦስት አራት ጊዜ መደጋገም፦ አንዴ ይበቃል፣ ሲደጋገም ጉልበቱ ያልቃል።
- ለመጥፎ ነገር ብቻ ነው ብሎ ማሰብ፦ አይደለም። ቅሬታም ይዥጎደጎዳል፣ የእንኳን ደስ ያለህ መልእክትም ይዥጎደጎዳል፣ ሁለቱም ጋ ይሠራል። ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚናገረው ባለቤቱ የሆነው ስም ነው።